«ቀጮ» ተብሎ ይቀረጽ?

ስፔን ላለሽው ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊት ዛሬም ሾርባው ጨው በዛበት እያሉ ይነጫነጩብሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ወንድሜ ያንድሪ ከሞተ ወዲህ ደህና ማለት ምን እንደሆነ ጠፍቶብኛል።

በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከስሙ ሥር «ቀጮ» ተብሎ እንዲቀረጽ በስልክ አዘሽኝ ነበር። ድንጋይ ጠራቢው ዶን ኤሎይ መቃብር ለምንጎበኝበት ለሙታን ቀን እንዲደርስ እስከ ቅዳሜ ቃሉን አምጣ ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ ተመለስኩ።

በእኛ ሰፈር ሰው የሚጠራው በገላው ነው። እሱ ቀጮ፣ እኔ ድብልብሌ፣ ባለሱቁ መላጣው። አንቺ «ቀጮዬ» ስትይው ከፍቅር ነበር። ስልኩን ስከፍት ግን (የይለፍ ቁጥሩ የልደትሽ ቀን ነው) ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ኢንተርኔት ላይ የለጠፈውን ፎቶ አገኘሁ። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ክንዱን አጥፏል፤ ከሥሩ «ቀጮ ሞቷል፣ ተቀብሯል» ይላል። ሰውነቴ ተለወጠ ማለቱ ነው። አንድ የማናውቀው ልጅ «የት ሞተ? እግሩ ገና የወፍ ነው!» ብሎ መለሰለት። ያንድሪ ሳቀለት። በማግስቱ ግን ያንን ጡንቻ ያወጣል የሚባለውን እንክብል አዘዘ።

ሰገነቱ ላይ ብረት ሲያነሳ የሚለጥፈውን ቪዲዮ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። ጡንቻው ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ከቀረጻ በፊት ውሃ እንኳ አይጠጣም ነበር። አክስቴ ናርሲሳ ምግብ ስታቀርብለት «ካሜራ ፊት ልቆም ነው» ይላታል፤ «እንግዲያ ካሜራው ይብላህ!» ትለዋለች። አሁን ያቺን ቃል እያነሳች ታለቅሳለች። በመጨረሻው ቀን ብረቱን አንስቶ «እህ፣ ድብልብሌ፣ እንዴት ነኝ?» ሲለኝ «ያው ቀጮ ነህ» አልኩት። ስቀልድ ነው፣ እማዬ። ደግሞ አነሳ። ከዚያ ወደቀ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ እንክብሉ ይሁን ጥማቱ አልለየም። የእኔ ቃል ይሆን ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ግን ደግሞ ካንቺ የመጡትን የድምፅ መልእክቶች አንዱንም አላጠፋም። «ቀጮዬ፣ በላህ ወይ?» የምትይውን ከሁሉ በላይ ነው ያስቀመጠው። ታዲያ የጠላው ቃሉን ነው ወይስ አፋችንን? ግራ ገባኝ። እኔም ሰሞኑን ምሳ ስበላ ሆዴን በእጄ እሸፍናለሁ።

ስለዚህ ዶን ኤሎይን ስሙን ብቻ ጽፎ የአንድ ቃል ቦታ ባዶ እንዲተው ልነግረው ነው። አትቆጪኝ። የመኖሪያ ወረቀትሽ ተስተካክሎ ስትመጪ አንቺ ወስኚ።

አክስቴ ናርሲሳ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ልጇ ትንሿ ናዬሊ የፊት ጥርሴ መውለቁን ንገርልኝ ብላለች። አብራሽ ለምትኖረው ለሮሲዮ ሰላም በይልኝ። ስትጽፊልኝ ድብልብሌ በዪኝ ወይም አትበዪኝ፣ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ብቻ በላህ ወይ ብለሽ ጠይቂኝ።

ልጅሽ ዳርዊን
ማቻላ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2024