ስለተስተካከለው ግራ ክንፍ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሙዚየሙ ዋና ኃላፊ፣
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ዓይንዎን ከነሙሉ ብርሃኑ እንዲያገኘው ከልብ እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የቴክኒክ ስዕል መምህር ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለአዲሱ አዳራሽዎ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን በአርባ ስምንት እጥፍ አሳንሼ፣ ታሪኩን ሳላዛንፍ እንድሠራ በጽሑፍ የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት። ዓይኔን ሳላሽ የተቀበልኩት ያንኑ አውሮፕላን በጦርነቱ ዘመን ይጠግን የነበረው መካኒክ ታላቅ ወንድሜ ስለሆነ ነው። ጋሼ ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም ብርሃኑ ከዓመት ብዙ እንደማያልፍ ነግሮናል። በአዳራሽዎ ቆሞ ሳያየው እንዳይቀር ቸኩዬ በሰባት ወር ጨረስኩት።

ሥራው የተሠራው መስኮት ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ፣ አፍንጫው ክንፉን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ እያለ፣ ይሄ አረንጓዴ ገና ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ የእኛ ግን ፀሐይ የጠጣ ነበር ይለኛል፤ እኔም ፍቄ እንደገና እቀባለሁ። አራት ጊዜ አስፍቆኛል፤ ነፍሴን አስጨንቋታል።

በግራ ክንፉ ላይ ግን አንድም ቀን አልተከራከርንም። በጦርነቱ ጊዜ ጥይት የበሳውን የእውነተኛውን አውሮፕላን ግራ ክንፍ ጋሼ በቆርቆሮ ጣፈው፤ የአውሮፕላን ቀለም አልቆ ስለነበርም የወጥ ቤቱ በር ከተቀባበት ሰማያዊ የተረፈውን ቀባው። አብራሪው በዚያ ክንፍ በረረ፤ በሰላምም ተመለሰ። ጋሼ በሕይወቱ አፉን ሞልቶ የሚያወራላት ነገር ይህችው ሁለት መዳፍ የማትሞላ ሰማያዊ ናት። እኔም ከሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ቆርጬ፣ ከሩዝ ፍሬ አሳንሼ ለጠፍኳት፤ ጠርዟ በጣት ይታወቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ውለታዎን እንዳይምታታብኝ በቁጥር ልዘርዝር።

፩. ሞዴሉን በተረከቡ ማግስት ለማረጋገጫ በሚል ስቶር አስገብተው አሥራ አንድ ወር አቆይተውታል። ጋሼን አምጥቼ አምስት ደቂቃ ላሳየው ብዬ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ፤ ያልተመረቀ ቅርስ ለግለሰብ አይታይም ተባልኩ። ጸሐፊዎ ሁልጊዜ ወንበር ስለሚሰጡኝ አመሰግናለሁ። በአሥረኛው ወር የጋሼ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ደንቡ ግን አልተጣሰም፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

፪. ኮሚቴዎ ሰማያዊዋን መጣፊያ የአሠራር ጉድለት ናት ብሎ በቃለ ጉባኤ መዝግቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቆ፣ በሚያብረቀርቅ አረንጓዴ አስቀብቷታል። ሰባት ፊርማ አለበት። በእኛ ቤት ሁለት ሰዎች ብቻ ስለነበርን በድምፅ ብልጫ መረታታችንን እቀበላለሁ።

፫. በምረቃው ቀን ጋሼን የክብር እንግዳ አድርገው ከፊት ወንበር አስቀመጡት፤ የመስታወቱን ሳጥን ከፍተውም እንዲዳስስ ፈቀዱለት። ከቸርነትዎ ሁሉ የጎዳን ይኸኛው ነው። ጣቱ በቀጥታ ወደ ግራ ክንፉ ሄደ። ዳሰሰ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ዳሰሰ። ያልነገራችሁኝ ነገር ነበርና ክንፉን ያየሁት እኔም ያኔ ነው። አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር።

መኪና ውስጥ እንደገባን፣ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ አለኝ። እንደፋቋት ነገርኩት፤ አላመነኝም። ሰባት የተማሩ ሰዎች ዝም ብለው አይፈርሙም አለ። ሌላ መጣፊያ ሠርቼ ጣቱ ሥር ባደርግለት ላጽናናው የፈጠርኩት መሰለው። ከዚያ ወዲህ ስለ አውሮፕላኑ አንስቶ አያውቅም፤ የሚያነሳም አይመስለኝም። ዓይኑን በሽታ ወሰደው፤ ያየውን የወሰዳችሁበት ግን እናንተ ናችሁ።

ሞዴሉ ይመለስልኝ አልልም፤ ይቅርታም አልጠብቅም። ከሥሩ «ታሪኩን ሳያዛንፍ የተሠራ» ከሚለው ጽሑፍ ላይ ስሜን ብቻ ፍቁልኝ። በመፋቅ የተካነ ሰው እንዳለዎት አውቃለሁ።

በደንብዎ ፊት እስከ ወገቤ ጎንበስ ያልኩት፣
የአንድ መካኒክ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው ክንፉን ያስተካከለው አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለው የዘመኑ ፎቶግራፍ መሠረት መሆኑን ቃለ ጉባኤው ይገልጻል። ፎቶግራፉን ሄጄ አየሁት፤ በጣም የጠራ ነው። የተነሳው ከቀኝ ጎን ስለሆነ ግራ ክንፉ ጭራሽ አይታይም።