የዲግሪው መቶ ወር

የካቲት 3፣ ሰኞ
ስድስቱም ተማሪዎች መጥተዋል። ጠመኔ የለም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ሰሌዳ ምን ማለት እንደሆነ ለርእሰ መምህሩ ለሙላቴ ለአራተኛ ጊዜ አስረዳሁት። «በእጅዎ አይደል የሚያስተምሩት?» አለኝ። 
ልጆቹ በምልክት ቋንቋ የሚጠሩኝ ሁለት ጣታቸውን ቅንድባቸው መሃል አድርገው ግንባራቸውን በመጨማደድ ነው። ኮስታራው ለማለት። የድሮ ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም ነው፤ ሲወራረስ እዚህ ደረሰ። አልከፋኝም። ስህተት የለውማ።

የካቲት 4
ሒሳብ ሠራሁ። ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ዲግሪ አራት ክረምት ባሕር ዳር... ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ። የምርቃቱ ድግስ ሲደመር አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር አውጥቻለሁ። ዲግሪው በወር የሚያስጨምረኝ አራት መቶ አሥራ ሁለት። መቶ ወር! ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ሰማንያ አራት ነው። ያውም ጭማሪው ቢጀመር። ማመልከቻውን ለሰው ሀብት ክፍል ያስገባሁት በጥቅምት...
ለባለቤቴ ለብዙነሽ አነበብኩላት።
«በሬ ባታሳርጂኝ ኖሮ...»
«ሰው በሽሮ ይመረቃል እንዴ?» አለች። ቀጥላም፣ «ዲግሪን ሌባ አይወስደውም ስትል አልነበር?»
«አይወስደውም።»
«አውቆበታላ።»

የካቲት 5
የብዙነሽ ወንድም ፈንታሁን መጣ። እህል ነጋዴው። ስምንተኛን ሁለቴ ወድቋል። አይሱዙ አለው።
«ጋሼ፣ የመጋዘኔን መዝገብ ይያዙልኝ። የደሞዝዎን እጥፍ እከፍልዎታለሁ። ቅዳሜ ለገበያው ይምጡና ይሞክሩት።»
እጥፍ! የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ስርዝ የለውም።

የካቲት 6
ደብዳቤውን ሰው ሀብት ላሉት ለወይዘሮ ጽጌ ሰጠሁ። ለሙላቴም ነገርኩት። የምልክት ቋንቋ የሚችል ሌላ መምህር የለም። «እንግዲህ ክፍሉን ዘግተን የተሰበረ ወንበር እናስቀምጥበታለን። ልጆቹም...» አለና ተወው። ልጆቹም ምን? ወደየቤታቸው ነዋ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ
ተባረርኩ። በመጀመሪያው ቀን።
ፈንታሁን ጋቢውን ዘርግቶ ሚዛኑ ፊት ይቆማል። ኪሎውን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አራት ሰዓት ላይ ማሩ መጣ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን እብናት ያርሳል። አንድ ጆንያ ጤፍ ይዟል።
«ዘጠና ሁለት!» አለ ፈንታሁን፤ ለማሩም በጣቱ አሳየው። ጆንያው አፉ ድረስ ሞልቷል። እንዴት ዘጠና ሁለት? ተነስቼ ከጋቢው ኋላ አየሁ።
«ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ነው።»
«ጋሼ፣ ያልኩዎትን ይጻፉ።»
«ያልሆነ ቁጥር አልጽፍም!»
«ምን ቸገረዎት? አይሰማ!»
አይሰማም። ግን ያያል። በእጁ፣ ስንት ነው? አለኝ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነገረው። ማሩ ጆንያውን ተሸክሞ ጎረቤት ካለው ነጋዴ ዘንድ ገባ። ወረፋ የያዙት ገበሬዎችም ጆንያቸውን እያነሱ ተከተሉት።
«አራት ክረምት የተማሩት እኔን ለማክሰር ነው?» ፈንታሁን ጮኸ።
ብዙነሽ እስከ ምሳ አኮረፈችኝ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ ስንት ከሰረ?» ብላ ሳቀች።

የካቲት 10፣ ሰኞ
በጠዋት ሰው ሀብት ሄድኩ። ደብዳቤዬን ይመልሱልኝ አልኩ።
«የትኛውን?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። ከክምሩ ሁለት ወረቀት መዘዙ። የጥቅምቱ የጭማሪ ማመልከቻ፣ የሐሙሱ መልቀቂያ። ሁለቱንም ማንም አልነካቸውም። «የቱን ልቅደድልዎ?»
ጮህኩባቸው። ከዚያ አመሰገንኳቸው። ቢሮን ስለ ስንፍናው ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው። መቶው ወር ግን ገና አልተጀመረም።
ክፍል ስደርስ ማሩ በር ላይ ቆሟል። ከሰፈሩ ሁለት የማይሰሙ ልጆች ይዞ መጥቷል። ትንሿ ማሬ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ትምህርት ቤት አይታ አታውቅም። ስምንት ሆኑ። ወንበር ስድስት። ጠመኔ ዛሬም የለም። ሙላቴ ይሰማኛል!
ማሩ እኔን ሲያስተዋውቅ ጣቶቹ ወደ ቅንድቡ ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሄዱም። ሁለት መዳፉን ዘረጋ፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገና እኩል ላይ አቆማቸው። ሚዛን። ስድስቱ ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም እንደሱ አደረጉ። ማሬም ሞከረች።
ግራ እጇ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አስተካከልኩላት።