ግማሽ ደቂቃ ያልሞላ ዝምታ

ኻርቱም፣ ጀሪፍ
ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2015፣ ረመዳን 22

…አውራ ጣትሽን በአራቱ ጣቶችሽ ውስጥ ደብቀሽ ቆምሽ። ጀልባው ዳር ላይ ነበር። አባትሽ ቀድሞ ገብቶ እጁን ዘርግቶልሻል፤ ጀልበኛው «ያላ፣ ያላ» እያለ ያጣድፋል። አንቺ እምቢ አላልሽም። ያኔም እምቢ የሚለው ቃል ካፍሽ አይወጣም ነበር። ዝም ብለሽ አውራ ጣትሽን ደበቅሽ። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩና ወደ ቤት ይዤሽ—

ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ነው ከዚያ የጀመርኩት። አሚናዬ፣ የዐይኔ ብርሃን፣ እንዴት ነሽ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? የጅዳ ሙቀት ከእኛው ይብሳል ይላሉ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ሌላው ደህና ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰፈሩ እንደተውሽው ነው፤ በማዕዘኑ ያለው የኒም ዛፍ ብቻ ተቆርጧል።

ይህን የምታመጣልሽ ሙኒያ ናት፤ ካፉሪ ሰፈር የምትሠራው፣ ትንሽ ሆነሽ ጸጉርሽን የምትጎነጉንልሽ። ለዑምራ ቅዳሜ ማለዳ ትበራለች። ከምትወጂው፣ ለማፍጠሪያ ከሚበጠበጠው ሒሉሙር ጥቂት ስስ ቂጣ ልኬልሻለሁ፤ ደብዳቤው ከሥሩ ነው። ሳዲቅ ቢያገኘውም ግድ የለም፤ ባልሽ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። ጅዳ የተቀበለችሽ አክስትሽም ፊደል አልቆጠረችም። «ኻርቱም ላይ ሀሁ ማን ያነባል?» እያልሽ ስታለቅሺ በግድ ያስቆጠርኩሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለብቻሽ ስትሆኚ አንብቢው።

በስልክ የማልጠይቅሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስትደውዪ የሳዲቅ ትከሻ ከጎንሽ ይታየኛል። ስልኩም የእሱ ነው። «ደህና ነኝ፣ እማ» ትያለሽ፤ ከዚያ ምስሉ ይቆማል። የቆመ ፊትሽን እያየሁ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። ማን እንደሚሰማኝ ሳላውቅ።

ስለ ኒካሕሽ ቀን በእኔ በኩል የሆነውን ልንገርሽ። በወዲያ በኩል የሆነውን አላውቅምና።

አባትሽ አዲሱን የኢንተርኔት ሳጥን የገዛው ለዚያ ቀን ነው። ካርቶኑ ላይ የሚሮጥ አቦሸማኔ ነበረበት፤ ከሥሩ «ፈጣን» ተብሎ ተጽፏል። መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሞከረው፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ። ፍሪጅ የሚጠግን ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ማንኛውም ዕቃ ትክክለኛ ቦታውን ካገኘ ይሠራል ብሎ ያምናል። በመጨረሻ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ቆመ፣ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ ሁለት መብራቶቹ አረንጓዴ ሆነው። «ኸላስ፣ ሸበካው ተያዘ፣ ኔት መጣ» አለና ሄዶ ጢሙን ተላጨ።

ስልኩን በውኃ ጆግ አስደግፈን ምንጣፉ ላይ አቆምነው። ሼህ ኦመር ከአባትሽ ጎን ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ መሀል በበሩ ክፍተት አያለሁ። በእናንተ በኩል፣ ጅዳ፣ ወንዶቹ ሳሎን ሆነው በሌላ ስልክ ይሰማሉ፤ አንቺ ከአክስትሽ ጋር እልፍኝ ውስጥ። ሼህ ኦመር አባትሽን፣ ወሊዋ፣ ዳሪዋ፣ አንተ ነህና ፈቃዷን ጠይቃት አሉት። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«አሚና ልጄ፣ ለሳዲቅ ልድርሽ? ፈቅደሻል?»

አፍሽ ሊከፈት ሲል ምስሉ ቆመ።

ጠበቅን። ፍሪጁ ያጉረመርማል። የጎረቤት ልጅ አስነጠሰች። በስልኩ ውስጥ ያለሽው አንቺ አፍሽ በጥቂቱ ተከፍቶ እንደቆመ ነው። ሼህ ኦመርም እንደ ደንቡ «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አሉ። ልጃገረድ ታፍራለች፤ ስትጠየቅ ዝም ካለች ፈቅዳለች። ስንቱ እንዲህ ተድሯል። እኔም ራሴ ወሎ ላይ ከመጋረጃ ጀርባ ዝም ብዬ ነው አባትሽን ያገባሁት።

የእኔ ዝምታ ግን የራሴ ነበር።

አባትሽ ድሬያለሁ አለ። ወንዶቹ ተቀብለናል አሉ፤ የእነሱ መስመር ይሠራ ነበር። ምስሉ ሲመለስ እልልታ ብቻ ነው፤ አንቺ ከቦታሽ ተነሥተሻል።

ከዚያ በፊት፣ ምስሉ ቆሞ ሳለ። ፊትሽ ደብዝዞ ነበር። ጉልበትሽ ላይ ያለው እጅሽ ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል። አራት ጣት ቆጠርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ደግሜ ልቆጥር ስል ምስሉ ሄደ።

አባትሽ እጅሽን አላየም። እሱ የሚያውቀው መሣሪያ ነው። እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተና አንድ ቀን ከጁምዓ በኋላ ሼህ ኦመርን መንገድ ላይ ያዛቸው። ዝም ያለው ሸበካው ቢሆንስ? ብሎ ጠየቃቸው። ሼህ ኦመር ብዙ አሰቡ። ዝምታው የእሷ ካልሆነ ፈቃድ አልተገኘም፣ እንደገና ትጠየቅ አሉ። ያን ቀን አባትሽ እየሮጠ ነው ቤት የገባው፣ በዚያ ጉልበቱ።

አክስትሽ ግን አልተቀበለችም። መስመሩ አልተቋረጠም፣ ልጅቷ እንደ ጨዋ ልጅ አቀርቅራ ዝም አለች፣ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ አለች። የሳዲቅ አባት ደግሞ፣ መስመሩ መቋረጡን ኩባንያው በማኅተም ያረጋግጥና በሰው ፊት ትጠየቅ፤ ያለዚያ ሚስት ሚስት ናት፣ ቤቴን አታስደፍሩ አለ። እኛ ማኅተሙን ፍለጋ ስንወጣ አንቺን ወደ እነሱ ቤት ወሰዱሽ።

ኩባንያው ቢሮ ሄድን። ሰልፉ በሩን አልፎ ጎዳና ወጥቷል፤ ሁሉም አቦሸማኔውን ታቅፎ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሳትቆጣ መለሰችልን። መቋረጥ ማለት ምን እንደሆነ ገና አልተወሰነም፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ እያወጣ ነው፤ በረመዳን ስለ ደንቡ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ታገሡ አለች። አባትሽ አመሰገናት። ታግሦ መኖር ይችላል። እኔ አልቻልኩም፤ ግን ምን አደርጋለሁ?

አሁን የምነግርሽን ለአባትሽ ብቻ ነው የነገርኩት።

ዐማራት ሰፈር የምሠራበትን ቤት ታውቂዋለሽ። የማዳም ባል የኩባንያው አማካሪ መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ ስለ ሥራቸው ጠይቄ አላውቅም። ረመዳን ሊገባ ሲል እንግዳ ጠሩ። የናይል ዓሣ ጠበስን፣ ሩዝ፣ ሰላጣ። አንደኛው እንግዳ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው፤ ኃላፊ ስለሆነ «ሙዲር» ይሉታል። ሳህን ሳቀርብ፣ ሳነሣ፣ ወሬያቸውን በቁርጥራጭ ሰማሁ። ባልየው፣ ሕዝቡ ድሃ ነው፣ መልእክት ከላከ ይበቃዋል፣ ፈጣን ለመባል የሚጠየቀው ፍጥነት ዝቅ ይበል ይላሉ። ሙዲሩ ይስቃል። እንደገና ስገባ ወሬው ስለ መስመር መቆም ነበር። ስንት ጊዜ ሲቆም ነው ተቋረጠ የሚባለው? ባልየው አንድ ደቂቃ አሉ። ሙዲሩ በዝቷል አለ። እሾህ ከአፉ አወጣና ሳህኑ ዳር አስቀመጠ።

«እንግዲህ ግማሽ ደቂቃ ይሁን» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ሎሚ ጠየቀኝ።

አመጣሁለት። አሚናዬ፣ ቆርጬ አመጣሁለት። ሎሚው ትኩስ ነው ብሎ አመስግኖኛል፣ በትሕትና። ወጥ ቤት ገብቼ ቢላዋውን ሳጥብ ያንቺን ዝምታ ለመገመት ሞከርኩ። ቁጥር አላውቅበትም። ፍሪጁ ያጉረመረመበት፣ ልጅቷ ያስነጠሰችበት፣ ሼሁ የተናገሩበት። ያ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ደቂቃ ይሞላል? ይሙላ ብዬ ዱዓ አደረግሁ። ሰው ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብላ እንድትሆን ዱዓ ያደርጋል?

ስብሰባው ባለፈው ሳምንት ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከመስኮቱ ውጭም ሰው ቆሟል። አንድ ባለሱቅ ተነሥቶ፣ ኔታችን ከእኛ ይበልጥ ጾመኛ ነው፣ እኛ ማታ እንበላለን፣ እሱ ማታም አይበላም አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ ፈተናዋ መሀል ላይ ጠፍቶባት ዓመት እንደደገመች ተናገረች። ሰው ጮኸ። መድረኩ ላይ ያለው ሙዲር ይጽፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ያው ሙዲር ነው። ዐይኑ እኔ ላይ አረፈና አለፈ፤ አላወቀኝም። ከዚያ የኩባንያው ሰው አዲሱን ደንብ አነበበ። ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ መቆም መቋረጥ አይባልም።

አባትሽ እጁን አወጣ። ማይኩ እስኪደርሰው ቆሞ ጠበቀ። የኒካሑን ቀንና የመስመሩን ቁጥር ተናገረ። የኩባንያው ሰው ኮምፒውተሩን አየና መስመርዎ አልተቋረጠም፣ ለአፍታ ቆሞ ነበር፣ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም አለው። በትሕትና ነው እሱም። ክፉ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

«ልጄ እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም ግማሽ ደቂቃ አትፈልግም» አለ አባትሽ።

ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሙዲሩ፣ ሐጂ፣ ሐዘንዎን እንረዳለን፣ ግን ደንቡ የሚያየው መስመሩን ነው፣ ስለ ቤተሰብ ጉዳይ እኛ ምን እናውቃለን አለው። ማይኩ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። አባትሽ ግን አልተቀመጠም። ማይኩ ቢወሰድም እጁ እንደያዘ ነው፣ ጣቶቹ ክብ ሆነው።

እኔስ? ተነሥቼ ልናገር ነበር። ማን ነኝ ብዬ? ሎሚውን ያቀረብኩት ነኝ ብዬ? እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ስንወጣ ጾመኛው ለማፍጠር በየመንገዱ ምንጣፍ አንጥፎ አላፊውን ያስቆማል፤ እንደሚያደርጉት፣ ልብስ እየያዙ፣ «ወላሂ አታልፉም» እያሉ። ተቀመጥን፣ ተምር በላን። ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም። አባትሽ ተምሩን ጎርሶ ለረጅም ጊዜ አላኘከውም። ኋላ፣ ወደ ቤት ስንገባ፣ «በደንቡ መሠረት ዝም ያለችው እሷ ናት ማለት ነው» አለ። ፍሪጅ ወይ ያቀዘቅዛል ወይ አያቀዘቅዝም የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።

ሳጥኑ አሁንም በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነው። ሁለቱም መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። ማንም አይነካውም።

እንግዲህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። መልስ አትጻፊ፣ በድምፅም አትላኪ። ስትደውዪ እጅሽን ብቻ ወደ ስልኩ አቅርቢው፣ ጸጉርሽን እንደምታስተካክዪ አድርገሽ። ምስሉ ቢቆምም እጅ ይታያል። የሸበካው ነገር ለዚህ አይከለክለንም። እኔ ጣትሽን ቆጥሬ የሚገባኝን እይዛለሁ። ከዚያ ምን አደርጋለሁ? አላውቅም። ማኅተም የለኝም። ግን አንድ ሰው ይወቅልሽ።

ሌላ ምን ልጻፍልሽ። ሰሞኑን በኤርፖርቱ አካባቢ ወታደር የጫኑ መኪኖች ይበዛሉ፤ ሰው ያልፋል ይላል። ሙኒያ ቅዳሜ እስኪደርስ ሰዓት ትቆጥራለች፤ ሻንጣዋን ሦስቴ ፈትታ አሰረች። ነጭ ቀሚስሽን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ክፍልሽን ለማንም አላከራየንም።

አብሽሪ ልጄ። አላህ በሄድሽበት ጥላ ይሁንሽ። ያላሰብሽው በር ይከፈትልሽ፤ የፈራሽው ይራቅልሽ። ሳትጠሪው የሚሰማሽ እሱ ከልብሽ አይራቅ። አባትሽ እጅሽን ጭነሽ መርቂልኝ ብሎኛል፤ ይኸው ወረቀቱ ላይ ጭኛለሁ።

እናትሽ ሬሕማ

አሁን፣ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ፣ ደወልሽ። ቀድጄ ይህን እጨምራለሁ። መግሪብ አልደረሰም። ትከሻው አልነበረም፤ ብቻሽን ነበርሽ። እንዲህ የጠራ ሸበካ ከሄድሽ ወዲህ አላየሁም። ከኋላሽ መጋረጃው ይወዛወዝ ስለነበር ምስሉ እንዳልቆመ አውቃለሁ። ሰላም ሳልልሽ ጠየቅሁሽ።

«አሚና፣ የዚያን ቀን ምን ልትዪ ነበር?»

ዝም አልሽ። መጋረጃው ይወዛወዛል። ዐይንሽ ይርገበገባል። እጆችሽ ከስልኩ በታች ስለነበሩ አልታዩኝም።

«እጅሽን አሳዪኝ» አልኩሽ።

ቀኝ ትከሻሽ ከፍ ሲል አየሁ፤ እጅሽ ሊመጣ ነው ብዬ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ። ከወዲያ በኩል በር ተዘጋ፤ እጅሽን ሳላይ ስልኩን ዘጋሽው።