ስለ አንዲት «ወይም»፦ ለክብደት ክትትል ማዕከሉ ዋና ኃላፊ

ለተከበሩ የማዕከሉ ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ወንበር፣ እንዲሁም በርዎ ላይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለዋ ጽሑፍ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ጽሑፏን ለይቼ ያነሣኋት፣ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከእርስዎ ይልቅ እሷን ስላየሁ፣ ከትውውቅ አልፈን ወደ ዝምድና ስለተቃረብን ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና እስከ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ። ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢል ጥፋቱን በእግሬ ያሳብቡልኝ።

እኔ የሚዛን መርማሪ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ሲሆን፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፍኩት በየሱቁና በየመጋዘኑ እየዞርኩ ሚዛኖች እውነት መናገራቸውን በማረጋገጥ ነው። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ ደሟ በማሽን ይታጠባል። የእኔ ኩላሊት እንደሚስማማት ሐኪሞቹ ካረጋገጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ዘጠና ስምንት ኪሎ የነበረው ክብደቴ ከሰማንያ አራት በታች ይውረድ፤ ወርዶም ስድስት ወር ይቆይ፤ መቆየቱንም የእርስዎ ማዕከል በማኅተሙ ይመስክር። ምክንያታቸው አጥጋቢ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የከሳ ሰው በጥድፊያ ይወፍራል፣ አንዲት ኩላሊት ይዞ የሚቀር ሰው ደግሞ ይህን ሊያደርግ አይገባውም።

ክብደቱ ወረደ። ይህን ስጽፍ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ላይ ከቆመ አምስት ወር ከሦስት ሳምንት ሆኖታል። የማዕከልዎ መዝገብ ቤት ግን አምስተኛው ወር በሞላበት ቀን ያለፈውን ሁሉ ሰርዞ «ከአንድ ይጀምሩ» ብሎኛል። የሐኪሞቹ ጉባኤ የእህቴን ጉዳይ የሚያየው ከዛሬ አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ያ ካለፈ የሚቀጥለው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የእህቴ ክንድ ላይ ደግሞ መርፌ የሚቀበል ደም ሥር እያለቀ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ጊዜ ያስገባሁትን አቤቱታ ዛሬ በጋዜጣ ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬንም፣ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መመዝገቢያ ቅጹ። «የክትትል ዓይነት፦ ምግብ ወይም እንቅስቃሴ። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ» ይላል። ሰው የሚበላበት አፍና የሚሄድበት እግር የሁለት የተለያዩ ሰዎች ንብረት መሆናቸውን ከዚህ ቅጽ በፊት ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ ያመለጠኝን እውቀት በአንድ ገጽ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምድር ቤቱ። ታዛዥ ሰው በመሆኔ መጀመሪያ «ምግብ» ላይ ምልክት አደረግሁ። የምግብ አማካሪዋ ትሑትና ትጉህ ልጅ ናት፤ «አባባ» እያለች የማረጀቴን ነገር በየሳምንቱ ከማስታወሷ በቀር እንከን አላየሁባትም። ዳቦዬን ቆረጠች፣ ዘይቴን ቆረጠች፣ ስኳሬን ቆረጠች፣ በሦስት ወር ዘጠኝ ኪሎ ወረድኩ። ከኪሎው ጋር ግን ጉልበቴም አብሮ ወረደ፤ መጋዘን ውስጥ ሃያ ኪሎ የናስ መለኪያ አንሥቼ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። በእግር ብሄድ፣ ጡንቻዬን ባሠራ አይሻልም ወይ ብዬ ብጠይቃት «እሱን ሦስተኛ ፎቅ ይጠይቁ አባባ፤ እኔ ምግብ ነኝ» አለችኝ። አንድ ቀን የእህቴ ክፍል በር ላይ ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር ስትገፋልኝ፣ እህቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ታማሚዋ እኔ ነኝ፤ ተራዬን አትቀማኝ እንጂ!» አለችኝ። ምግቡን ትንሽ ላላ ባደርገው ዘጠኙ ኪሎ በሁለት ወር ውስጥ፣ አንድም ሳይጎድል ማለት ይቻላል፣ ተመለሰ። ስምንቱ ተመልሷል፤ መርማሪ ነኝና ልክ ልናገር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሦስተኛው ፎቅ። ቅጹን አድሼ «እንቅስቃሴ» ላይ ምልክት አደረግሁ። አሠልጣኙ አንገቱ ከወገቤ የማይተናነስ፣ ሳቂታ ወጣት ነው። ስለ ምግብ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ምድር ቤት ሌላ፣ እኔ ሌላ። እዚህ ላብ ነው። ከበሩ ከወጡ በኋላ የሚበሉትን አላይም፣ አልሰማም» አለኝ። እሺ ብዬ ሦስት ወር መሮጫው ላይ ሮጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሮጬ ያቃጠልኩትን ቤቴ ገብቼ በሁለት ቁራጭ ዳቦና በአንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ በአራት ደቂቃ እመልሰው ነበር። ባለቤቴ ለሁለታችን ያቀረበችውን እራት ለብቻዬ ስጨርስ አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ስፖርት ቤት ነው ወይስ እስር ቤት ነው የዋልከው?» አለችኝ። ጉልበቴ ተመለሰ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፤ ክብደቴ ግን ኪሎ ተኩል ብቻ ቀነሰ። እንግዲህ አንዱ ክፍል ክብደቱን ወስዶ ጉልበቱን ነሣኝ፣ ሌላው ጉልበቱን ሰጥቶ ክብደቱን ተወልኝ፤ ከሁለት ያጣ ሆንኩ። በዚህ መካከል ስምንት ወር አለፈ። ለእናንተ ስምንት ወር ሁለት ቅጽ ነው። ለእህቴ ከመቶ በላይ እጥበት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ሚዛኖቻችሁ። የምድር ቤቱ ሚዛን ከሦስተኛው ፎቅ ሚዛን በአንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ይለያል። የመሥሪያ ቤቴን የናስ መለኪያ ይዤ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ወርጄ አረጋግጫለሁ፤ የሚዋሸው የላይኛው ነው። ይህን ለክፍሉ ባመለክት «ምናልባት የእርስዎ ናስ ይሆናላ» ተባልኩ። አልተቀየምኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የስኳር ነጋዴ ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ድፍረቴ። ሦስተኛውን ቅጽ ስቀበል እስክሪብቶዬን አወጣሁና «ወይም» የሚለውን ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዤ ከበላዩ «እና» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱም ላይ ምልክት አደረግሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው፣ አልክድም። ከዚያ በኋላ ሳህኔ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ምስር ወይም እንቁላል፣ ሩቡ ዳቦ ወይም ሩዝ ሆነ፤ ባለቤቴ አለሁ አለች፣ እሷም አብራኝ በላች። መሥሪያ ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ መሄጃው አርባ ደቂቃ፣ መመለሻው አርባ ደቂቃ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መልስ የናስ መለኪያዎቹን አነሣለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ዛሬ ሚዛኑ ማን ነው፣ መለኪያውስ ማን ነው?» እያሉ ይሣለቁብኛል። እህቴ ስትታጠብ እኔ ኮሪደሩን እመላለስበታለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስልሳ አራት እርምጃ ነው፤ ነርሶቹ «ዘበኛው» ብለውኛል። ክብደቱ አልተጣደፈም። በወር ሁለት ኪሎ የማይሞላ ወረደ፤ በሰባት ወርም ሰማንያ ሦስት ደርሶ እዚያው ቆመ። ሲቆም ጉልበቴም አብሮኝ ነበር። አንድ እጅ አያጨበጭብም የሚለውን አያቶቻችን ያለ ቅጽ የደረሱበትን ነገር እኔ በሃያ አንድ ወር ደረስኩበት።

ስድስተኛ፤ ስለ መዝገብ ቤትዎ። ያ ቅጽ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በሁለት ክፍሎች እጅ ሲገባ ሲወጣ፣ ሁለቱም ክፍሎች ክብደቴን በየራሳቸው ወረቀት ሲጽፉ፣ ሁለቱም ሲፈርሙ፣ ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ማስረጃው ሊጻፍ ሲቃረብ ግን የመዝገብ ቤቷ እመቤት፣ ተገልጋዩ ሁሉ «እትዬ ማኅተም» የሚላቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስርዝ ድልዝ አለበት» አሉ። የማመለክተው ስለ ሰው ሕይወት ነው ብላቸው «እኔ የማየው ወረቀት ነው ወንድሜ፤ ሕይወቱን ሐኪሞቹ ያዩታል» አሉኝ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። ወንበር ሰጥተውኛል፤ አልተቀመጥኩበትም እንጂ። ነገር ግን ስርዝ ድልዙ የወረቀቱ ሆኖ ሳለ፣ የተሰረዙት የእኔ አምስት ወራት ናቸው፤ የእኔም ሳይሆኑ የእህቴ ናቸው።

ሰባተኛ፤ ስለ መልስዎ። ለሁለተኛው አቤቱታዬ በፊርማዎ የደረሰኝ ደብዳቤ «ቅጹ በጥናት ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ተገልጋዩ ለውጡን ያመጣው በየትኛው ክትትል እንደሆነ ለመለየት እንዲያስችል ከሁለቱ አንዱን መርጠው በአዲስ መልክ እንዲጀምሩ» ይላል። በሁለቱም ነው፣ ክቡር ሆይ። ጥያቄዎን ለመመለስ ስድስት ወር አያስፈልገኝም፤ በሁለቱም ነው። ይህን ለመለየት ከፈለጉ የሚራመድ ሰው ጠርተው የትኛው እግሩ እንዳደረሰው ይጠይቁት።

የምለምንዎትም ይህንኑ ያህል ትንሽ ነገር ነው። ማዕከሉ እንዲፈርስ፣ ሰው እንዲባረር፣ ይቅርታ እንድጠየቅ አልፈልግም። ስድስት ወሩ የሚሞላው ከዛሬ ስምንተኛው ቀን ላይ፣ ጉባኤው ሊሰበሰብ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለቱ ክፍሎች አሁንም በየሳምንቱ ይመዝኑኛል፤ ወረቀቶቻቸው አሉ። እርስዎ ከስርዙ አጠገብ አንዲት ፊርማ ያኑሩልኝ፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ስርዝ ድልዝ የሚጸናው በኃላፊ ፊርማ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ሲተርፍዎ፣ ከአዲሱ የቅጽ ኅትመት ላይ ያችን «ወይም» ያንሡልን። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ስምንት ወር ላይኖረው ይችላል።

በምድር ቤትና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ላለው ደረጃ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ማዕከልዎ እስካሁን ካዘዘልኝ እንቅስቃሴ ሁሉ እሱ ብቻ ሁለቱን ክፍሎች እንደሚያገናኝ በመመስከር፣ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና የማይሰረዝ ጤና እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከቆሙ እግሮች ጋር፣
የሚዛን መርማሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ትናንት እጥበት ላይ ሳለች ለእህቴ አነበብኩላት። ክንዷ እምቢ ስላለ መርፌውን አንገቷ ላይ አድርገውላት ስለነበር መሣቅ አልሆነላትም፤ «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ጨዋነት ከየት አመጣኸው? እኔ ብሆን ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር» አለችኝ። ሁለቱን መስመር እንዳለችው፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ ከዚህ በታች አኑሬያለሁ፦ «ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ ከስቷል፣ እኔም ከስቻለሁ፤ እሱ በልፋቱ፣ እኔ በመጠበቅ። የእሱን መዝግቡለት፤ የእኔን ግን የማዕከሉ ውጤት ነው ብላችሁ ሪፖርት እንዳታደርጉት አደራ።»