አሥራ ሁለተኛዋ ማሞቂያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ የኔ ፊውዝ? በልጅነትሽ ስትናደጂ ፊውዙ እንደሄደ መብራት ድምፅሽ ቀጥ ስለሚል ባወጣሁልሽ ስም አሁንም ልጥራሽ አልጥራሽ አላውቅም። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደብዳቤውን የምታመጣልሽ እናትሽ ናት፤ ፊቷን ስታዪ ትታዘቢኛለሽ። ስለዚህ ያለውን ልጻፍልሽ።

ባለፈው ዓርብ ዩኒቨርሲቲሽ ግቢ በር ድረስ መጥቼ ነበር። ዘበኛው ደውሎልሽ ሲመለስ፣ «አባት፣ ልጅዎ አልወርድም ብላለች» አለኝ።

«አሟታል?» አልኩት።

«ድምጿስ ጤነኛ ነው» አለኝ።

አልተቀየምኩም። ደንበኛ ፊቱን ሲያዞርብኝ ምክንያቱን መፈለግ ልማዴ ነው፤ የአንቺን ግን መፈለግ አላስፈለገኝም።

የዋልኩትን ሳልጽፍ እንደማላድር ታውቂያለሽ። የመስከረም 28ን ገጽ ከፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፍልሽ። እንዲህ ይላል፦ «ፊውዝ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። 12 ቁጥር ሙቀት መለኪያዋ ይዋሻልና እንዳትሸጣት ብላለች።» ከሦስት መስመር በታች ደግሞ፦ «12 ቁጥር ማሞቂያ ተሸጠች። እጄን አስገብቼ አየኋት፤ ሞቅ ትላለች።» ሁለቱም የእኔ ጽሑፍ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ።

ክረምቱን መጋዘኔ ውስጥ ያሳለፍሽው በእኔ ግፊት ነው። ባዮሜዲካል ምህንድስና ገባች ብለን ደስ ካለን ከዓመታት በኋላ፣ ለሰማንያ ተማሪ አንድ የጨቅላ ማሞቂያ እንዳለ፣ እሷም ላስቲኳ እንዳልተገለጠ፣ የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ከቤተ ሙከራ ሠራተኛው ኪስ እንደማይወጣ ነገርሽኝ። «አባዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ማሽን በፎቶ ነው የተማርኩት» ብለሽ ስትስቂ፣ የምነግድባቸውን ያገለገሉ የሆስፒታል ዕቃዎች አሳይቼ «ይኸውልሽ፣ ያሻሽን ፍቺ» አልኩሽ። ዩኒቨርሲቲው ያላስተማራትን እኔ አስተማርኳት እያልኩ ጎረቤቴን መነጽር ሻጩን አሰለቸሁት። «እንግዲያው ዲግሪውንም አንተው ስጣት» ይለኝ ነበር።

አንዷን ማሞቂያ ለመመርመር ሙሉ ቀን ትፈጂ ነበር። ቴርሞሜትር ውስጧ አስቀምጠሽ በየሰዓቱ ትመዘግቢያለሽ፤ ማሽኗ ከምታሳየው ቁጥር ጋር ታስተያያለሽ። «ዳቦ አይደለም የምትጋግሪው» ብዬ ስቀልድብሽ፣ ቀና ሳትዪ «ያረረ ዳቦ ይጣላል፣ አባዬ» አልሽኝ።

«ተመርምሯል» የሚለውን ተለጣፊ ወረቀት ግን ሥራውን ሳትጀምሪ አሥራ ሁለቱንም ፈርመሽበት ነበር። ጥፋትሽ እሱ ብቻ ነው። አሥራ አንዱን ለጠፍሽ፤ አንዱን የእኔ መሳቢያ ውስጥ ተውሽው። ከአባት መሳቢያ የተሻለ ደህና ቦታ የት አለ ብለሽ ይሆናል።

በሸጥኳት ዕለት ገዢው መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሰዓቱን ያያል። ማሞቂያዋን ሰካኋት፣ ጥቂት ጠበቅሁ፣ እጄን አስገባሁ። ጨርቁንም ብረቱንም በእጁ ለይቶ የኖረ ሰው ሙቀትንም የሚያውቅ ይመስለዋል። ወረቀቱን ለጠፍኩት። እሷም ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ዞራ አንቺ ልምምድ የምትሠሪበት ሆስፒታል ገባች። ይህን ለእናትሽ ስነግራት፣ «ከሆስፒታሉ ሁሉ እዚያ መግባቷ፣ ምን ዓይነት ዕድል ነው» አልኩ።

«ሌላ ቦታ ብትገባ የሚቃጠለው የሰው ልጅ አይደለም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ወሬ አታቀርብልኝም።

ማሞቂያዋ ውስጥ የተቃጠለውን የሕፃኑን ጀርባ መጀመሪያ ያየችው ነርሷ መሆኗን፣ ማሽኑን እንድታዪ የተጠራሽው ደግሞ አንቺ መሆንሽን የነገረችኝ የክፍል ጓደኛሽ ናት። «የማሽኑ ጎን ላይ የራሷን ፊርማ አይታ መሬት ላይ ቁጭ አለች» አለችኝ። ሕፃኑ መትረፉን፣ ጠባሳው ግን አብሮት እንደሚያድግ የነገረችኝም እሷው ናት። ይህን የሰማሁት ጥቅምት 19 ነበር።

ያን ዕለት ተነሥቼ መምጣት ነበረብኝ። ነገሩ ይርጋ አልኩ። የንግድ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ፣ ሱቁ ቢታሸግ፣ ለእሷስ ምን ይጠቅማታል አልኩ። ለራሴ ስቆም እንዴት ያለሁ ጠበቃ ነኝ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተከራከርኩ።

ዓርብ ከበር ስትመልሺኝ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩ። «ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ እንዳትሸጣት ብላኝ ነበር» ብዬ ጽፌ፣ የሱቁን ማኅተም መትቼ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን መቼ አወቁ?»

«ሕፃኑ በተቃጠለ በሦስተኛው ቀን።»

«ልጅዎ ኅዳር አንድ ቀን ኮሚቴው ፊት ቀርባለች። ማሽኑን መርምሬዋለሁ፣ ወረቀቱንም የለጠፍኩት እኔው ነኝ ብላ ፈርማለች።»

«እኔን ለማዳን ነው።»

«ይገባኛል። ሳይመረምሩ መፈረም ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። መርምሬ ተሳሳትኩ ማለት አንድ ዓመት ያስቀጣል። ኮሚቴ ፊት መዋሸት ግን ያስባርራል። ውሸቷን ደግሞ ይኸው እርስዎ አረጋገጡልን። አሥር ቀን ቀድመው ቢመጡ ኖሮ...»

ልጄ፣ አልደብቅሽም፤ እጄን ዘርግቼ «ወረቀቱን ይመልሱልኝ» አልኳት።

«አንብቤዋለሁ፣ አባት» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል። እስከ ሐሙስ ራሷ መጥታ የሰጠችውን ቃል ካነሣች፣ ይህ ወረቀት ይደግፋታል። ካላነሣች ይመሰክርባታል» አለች።

የምለምንሽ ይህንን ነው። ሐሙስ ጠዋት ግቢና አባቴ ነው በያቸው። ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው እናትሽን የላክኋት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ዕቃው ከተበላሸ በኋላ የሚደረግ ቅናሽ መሰለኝ።

አባቴን አሳልፌ እንዴት እሰጣለሁ እንደምትዪ አውቃለሁ። በዚያ በኩል አትጨነቂ። ትናንት ጠዋት ራሴ የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪዎቹ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ መጥተው ሱቁንም መጋዘኑንም አሸጉ፤ እኔም ለጥያቄ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ልታድኚው የሞከርሽው ነገር እንግዲህ የለም። የምትዋሺለት ሰው ስለሌለ፣ እውነቱን መናገር ይቀልልሻል።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ከእኔ ዓይነቱ ሻጭ ይሰውርሽ።

አባትሽ