የነጣው የአውሮፕላን መስኮት

ሰኞ
አይጥ ሸንታበታለች። ካርቶኑን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ቀጥሎ የበረሮ እንቁላል። ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ሥር የልጅነት አውሮፕላኔ። ክንፉ፣ ጎማው፣ ጅራቱ፣ አንዱም ሳይገጣጠም። አጎቴ ከጅቡቲ ካመጣልኝ ሁለት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መጫወቻ አውሮፕላኖች አንዱን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሠርቼዋለሁ፤ ይሄኛው ሳይነካ ቀረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ። ሐኪሙ የወገብህ ዲስክ ተንሸራቷል ብሎ ሚኒባስ መንዳት ባይከለክለኝ አሁንም አልነካውም ነበር።
ባለቤቴ ዘሃራ አፍንጫዋን ይዛ «ይሄን ጉድ ሳሎኔ ውስጥ እንዳላየው!» አለች። ዕቃ ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ
በሳሙና አጠብኩት። ሁለቴ። አሁንም ይሸታል።
ጣቶቼ የሌላ ሰው ይመስላሉ። መሪ የለመደ እጅ ሽምብራ የምታህል ጎማ መያዝ አቃተው። ሦስቴ ወደቀችብኝ፣ ሦስቴ እያቃሰትኩ ተንበረከክሁ። አስጠላኝ።
ከቀትር በኋላ ግን የግራው ክንፍ ገጠመ። ቀጥ ብሎ! ዘሃራን ጠርቼ አሳየኋት። «እና አሁን ይበራል?» አለችኝ።

ረቡዕ
አብሮት የመጣው ማጣበቂያ ደርቋል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ማጣበቂያም ያኔ ደርቆ ነበር። እንደ ያኔው ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁ። የአብራሪውን መስኮት፣ ያንን እንደ ብርጭቆ የጠራውን፣ ከሁሉ የምወደውን፣ አጣበቅኩ። የአዳማ አቧራ እንዳያገኘው ክዳን ባለው ዕቃ ከትቼ ከደንኩት። ክፍሉን ቆለፍኩ።

ሐሙስ
ነጭ! መስኮቱ በሙሉ የሞተ ዓሣ ዓይን መስሏል። ዘሃራ ላይ ጮህኩባት።
«እኔ አልነካሁም» አለች።
ልቀጥል ስል ትዝ አለኝ፤ ቁልፉ ኪሴ ነው ያደረው። ማንም አልገባም።
ያኔ በልጅነታችንም እንዲሁ ነበር። «እኔ አልነካሁም ጋሼ» ያለችኝ እህቴ ሉባባ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን መስኮት ልክ እንደዚህ ነጥቶ ሳገኘው፣ ሳሙና ቀብተሽበት ነው ብዬ በቀበቶ ገረፍኳት። ዘለበቱ የፊት ጥርሷን ሰበረው። እናታችንም እኔን አመነች።
ከተረፈው የመስኮት ፕላስቲክ ቁራጭ ወስጄ ከአንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጋር ብርጭቆ ደፋሁበት። አሥር ሰዓት ላይ ሳየው ነጥቷል። የማጣበቂያው ትነት ነው። ሳሙናም አይደለም፣ ሉባባም አይደለችም።
እራት አልበላሁም። መስታወት ፊት መቆም ቀፈፈኝ።

ዓርብ
ከጁምዓ መልስ ደወልኩላት። መቂ ከተማ ለንግዷ ቲማቲም እያስጫነች ነበር፤ ደላሎቹ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጯጯኻሉ።
«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ለበዓል ካልሆነ ደውዬላት አላውቅም።
«ነገ እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ፈሪ። ቃሉ በስልክ እንኳ አልወጣልህ አለኝ።

ቅዳሜ
እስከ መቂ መንገዱ ወገቤን ጨረሰው። ሉባባ የቲማቲም ሳጥኖቿ መሃል ቆማ ሰማችኝ። ከአውሮፕላኑ ነቅዬ ያመጣሁትን የነጣ መስኮት ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።
«ይሄ ፕላስቲክ ባይመሰክርልኝ ኖሮ ውሸታም እንደተባልኩ ልሞት ነበር?»
መስኮቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።
«እማዬ እውነቱን ሳታውቅ ሞተች» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ፣ «ልጆቼ ጥርስሽ ምን ሆነ ሲሉኝ ወድቄ ነው እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። ቤት ናቸው። ግባና አንተው ንገራቸው።»
ሉባባ አብራኝ ገባች። ነገርኳቸው። ቀበቶውን፣ ዘለበቱን፣ ደሙን። ትልቋ ልጅ ሳትሰናበተኝ ተነስታ ወጣች። ታናሽየዋ የእናቷን አፍ ብቻ ታያለች።
ሉባባ እስከ መናኸሪያ አብራኝ መጣች። አላለቀሰችም። ይቅር ብያለሁም አላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ልምጣ ወይ አልኳት።
«አሁን አትምጣ፤ ልጆቹ ይረጋጉ» አለች። ልሳፈር ስል፣ «እኔ እደውላለሁ።»
በራሷ ደውላልኝ አታውቅም። ቤት ከገባሁ ስልኬን ሁለቴ አየሁት።