ባዳ

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሥራ ልለቅ ሄጄ ሳልለቅ ተመለስኩ።

ሃያብለ ሰፈር ያለው የልጆች ክፍላችን ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት ግድግዳው አይነካም። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ኃላፊያችን ማዳም በፈረንሳይኛ የምትለውን ለእናቶች፣ እናቶች የሚሉትን ለማዳም። ሁለቱም የሚሰሙት የፈለጉትን ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ሳሙና፣ ብስኩትና ምክር ይሰጣል። ምክሩ በእኔ አፍ ነው የሚወጣው፤ ሰልችቶኛል።

ዛሬ ልጆቹ ቀለም ተሰጣቸው። ከእናቶቹ የአንዷ፣ የዘይነባ ልጅ ሐያት አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ሣለች፤ አፉ ተከፍቷል፣ አፉ ውስጥ ትንሽ ሰው አለ።

«ይሄ ማነው?»

«አባዬ።»

«የበላውስ?»

«ባዳ ነዋ፣ ጋሼ!» እንደ ደደብ አየችኝ።

ከሥሩ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ጻፍኩበት፦ አባቴን ባዳ ወሰደው። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው እውነቱን ነገረኝ። ነገም እሄዳለሁ።

ሰኞ

ማዳም ሥዕሉን አይታ አጨበጨበች። በሕገወጥ ደላሎች ላይ ለሚደረገው ዘመቻ ፖስተር ይሆናል። ሐሙስ ለጋሾቹ ሲመጡ ይሰቀላል። «ብራቮ» ተባልኩ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ አናደደኝ።

ማክሰኞ

የፖስተሩን ናሙና ይዤ ካርቲየ 4 ሰፈር ሄድኩ። ዘይነባ እዚያ ልባሽ ልብስ ትሸጣለች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አንቱ አታውቅም።

«አቦ የቱ ባዳ? ሰፈሩ ‹ቤቷ ወንድ አስገብታለች› እንዲለኝ ነው?» ልጅቷን ጠራቻት። «ባዳው ማነው?»

ሐያት በአገጯ ወደ ወደቡ አሳየች። «ባዳ! ያ ውሃው!»

ሶማልኛ ነው። ባሕርን እንደዚያ ይሉታል። እዚህ አገር አርጅቼ አልገባኝም።

«ታዲያ ለምን ጥቁር?» አልኩ፣ ጥፋቱን ላካፍላት።

«ሰማያዊውን ሙሳ ይዞት ነበር።»

ዘይነባ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠች። አባትሽ ሳዑዲ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያለች ነው ያሳደገቻት። የተሳፈረበት ጀልባ ግን ከኦቦክ ወደብ ተነሥቶ የመን አልደረሰም። ልጅቷን ውሃ ቅጂ ብላ ላከቻት።

«ማን ነገራት?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ባዳም በሉት ባሕር፣ እንዳትሰቅሉት። መጀመሪያ እኔ ልንገራት። ከሰቀላችሁት ልጄን ደግማችሁ አታዩዋትም።»

ረቡዕ

ጠዋት ለማዳም ነገርኳት። በደንብ ሰማችኝ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ «ባሕር ከሆነማ የበለጠ ይነካል» አለች። «ጽሑፉን ብቻ ቀይረው።»

«እናትየዋ አልፈቀደችም።»

«አስረዳት። ሥራህ አይደል?»

ራሷ ለአታሚው ደወለች። ነገ በጠዋት ሄጄ አመጣለሁ።

ሐያት ክፍል አልመጣችም። የሌሎቹን ልጆች ሥዕሎች አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ ይሄ ምንድነው፣ በየትኛው ቋንቋ ነው እያልኩ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። ሙሳ «ጋሼ ዛሬ ፖሊስ ሆኗል» አለ። ከሣለው ከባድ መኪና ሥር ያለው ሰው ተገጭቶ ሳይሆን ተኝቶ ነው፤ ሾፌር አጎቱ ጥላ ፍለጋ እዚያ ነው የሚተኛው። ሳልጠይቅ ብጽፍ ኖሮ ሰውየውን ገድዬው ነበር።

ሰዓቱ ማለቁ ከፋኝ። እዚህ ሥራ ላይ እንደዚህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ሐሙስ

ማተሚያ ቤቱ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ባለቤቱ የየመን ሰው ነው፤ አማርኛን ከሾፌሮች ተምሮ ስድቡን ሁሉ አሟልቷል። ፖስተሮቹ ታስረው ጠበቁኝ። አባቴን ባሕር ወሰደው። ፊደሉ ያምራል።

«ፈርምና ውሰድ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ዘይነባ እስካሁን ነግራት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብተወው ማዳም ሌላ ሰው ትልካለች፤ ከሰዓት በፊት ግድግዳ ላይ ይሆናል። ይህንንም አውቃለሁ። ግን ለዘይነባ እንደሚሰቀል ቀድሞ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል፤ ማዳም ያን ሰው አትልክም።

«ዋናውን ሥዕል ብቻ ስጠኝ» አልኩት። ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ይሄ ሁሉስ? ወንድሜ፣ ረሳኸው እኮ!»

«አልረሳሁትም» አልኩና ወደ ካርቲየ 4 አመራሁ።